ከአራት እስከ ስምንት

ሙኒብና ጎብሪያል የሚጽፉት በቀን አራት ሰዓት ነው። ጠዋት አራት ላይ ይቀመጣሉ፣ ከቀኑ ስምንት ላይ ይነሳሉ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ እንዲሁ ነው፤ ዓብዲን ሠፈር፣ ሻዝሊ ሻይ ቤት፣ ከመስኮቱ ሥር ያለችው አንድ እግሯ ያጠረ ጠረጴዛ ላይ። ካይሮ ስንት መንግሥት ሲፈራረቅባት እነሱ ሰዓታቸውን አልለወጡም። በአብዮቱ ሰሞን እንኳ፣ አስለቃሹ ጭስ መንገዱን ሞልቶት ሳለ፣ ጎብሪያል ሽንኩርት ያሸበትን መሐረብ አፍንጫው ላይ አስሮ ከተፍ አለና "ዛሬ አገሩ ሁሉ እያለቀሰ ስለሆነ ቀልዱን ጠንከር እናድርገው" ብሎ ቁጭ አለ።

አንድ ጊዜ ከጋዜጣ የመጣች ልጅ መቅጃዋን ከስኳሩ ዕቃ አጠገብ አስቀምጣ "ኮሜዲ የሚጽፍ ሰው በቀን ስንት ሰዓት ይጽፋል?" ስትል ጠየቀቻቸው።

"አራት" አለ ሙኒብ።

"ሦስቱን ስኳር ስናማስል ነው" አለ ጎብሪያል።

"የቀረውን ሃያ ሰዓትስ?"

"የቀረውንማ እንደ ሰው እንኖራለን" አለ ሙኒብ።

ልጅቷም ጻፈችው፣ ታተመም። የሙኒብ ሚስት እንሽራህ ጋዜጣውን ወጥ ቤት ቆማ አነበበችው። "እንደ ሰው እንኖራለን" የምትለዋ ላይ ስትደርስ አጣጠፈችና የዓሣ አጥንት ጠቅልላበት ጣለችው። እሷ የራሷ ቆጠራ ነበራት። "አራት ሰዓት በብዕር ይጽፋል፣ ሃያ ሰዓት በጆሮው ይጽፋል" ትል ነበር፤ ድሮ፣ ገና ታጫውተው በነበረ ጊዜ።

የጠረጴዛዋን ሕግ መናገር ያስፈልጋል። እዚያች ጠረጴዛ ላይ አይሳቅም። ሉካንዳ የሚሠራ ሰው ሥጋ ባየ ቁጥር ምራቁን እንደማይውጠው ሁሉ፣ ቀልድ የሚጽፍ ሰውም ቀልድ በሰማ ቁጥር አይስቅም። አንዱ ጥሩ ነገር የተናገረ እንደሆነ ሌላው በሁለት ጣቱ ጠረጴዛውን ይመታል፤ ኳ፣ ኳ። "ገብቷል፣ ጻፈው" ማለት ነው። ጣት ካልመታ ቀልዱ ወድቋል፤ እየማለ ቢከራከር እንኳ የሚሰማው የለም። ሠላሳ ዓመት እንዲህ ሲመታ የኖረ ጣት እንቅልፍም አያውቅ። ሙኒብ ተኝቶ ሳለ ጣቶቹ አንሶላውን ሲመቱ እንሽራህ ስንት ጊዜ ሰምታለች።

ለነገሩ ከሁለቱም ቀልደኛዋ እሷ ነበረች። ይህን ጎብሪያልም አይክድም። ገና ሲጋቡ፣ ሻይ ቤቱን ሳያገኙ፣ ሁለቱ የሚጽፉት ሹብራ ሠፈር ባለችው ጠባብ ሳሎን ነበር። ቀልድ ጠፍቶባቸው እንደ ቤተ ዘመድ ጉባኤ ተኮራምተው ሲቀመጡ እንሽራህ ከመጋረጃው ወዲያ፣ ከምድጃው ሥር ሆና አንዲት ቃል ትወረውርላቸዋለች። ጣት ይመታል። እሷም ከዚያው ሆና "ገባ?" ትላለች።

"ገባ!" ይላሉ ሁለቱም።

"እንግዲያው ሻያችሁን ራሳችሁ ቅዱ፤ ደራሲ ሻይ አይቀዳም።"

ያን ጊዜ ደስ ይላት ነበር። በረመዳን ጾም ከተፈታ በኋላ አገር ምድሩ ቴሌቪዥን ላይ ሲያፈጥ ትንሿን ልጇን ረባብን ጭኗ ላይ አስቀምጣ "ያቺ ሴትዮ የምትናገረው የእኔን ነው" እያለች ታሳያት ነበር።

ረባብ አንድዬ ልጃቸው ነበረች። ምላሷ የእናቷ፣ ሰዓቷ የአባቷ። ሙኒብ ለጠረጴዛው እንጂ ለቤቱ በሰዓቱ ደርሶ አያውቅም፤ እሷም ከእናቷ ማኅፀን በአሥር ቀን አርፍዳ ወጥታ፣ የትምህርት ቤት ዕድሜዋን ሙሉ ከተዘጋ በር ውጭ የቆመች ልጅ ነች። ሁልጊዜ ጉንፋን የያዛት ይመስል በአፍንጫዋ ነበር የምታወራው። ልቧ ከልጅነቷ ደካማ ነበር። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ፣ ረመዳን ሊገባ ሳምንት ሲቀረው፣ ሆስፒታል ገባች። እንሽራህ ስምንት ሰዓት ላይ ደወለች። "እየመጣሁ ነው" አላት ሙኒብ። ግን የተከታታያቸው መሪ ወፍራሙ ተዋናይ ልብሱን ለብሶ የመጨረሻዋን ትዕይንት እየጠበቀ ነበር፤ ትዕይንቷ ደግሞ እንቢ አለች። ያን ቀን ብቻ አራቱ ሰዓት ስድስት ሆነ። ረባብ አሥር ሰዓት ላይ አረፈች። አባቷ የደረሰው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ገጾቹን ልኮ፣ በመኪና ጭንቅንቅ ውስጥ በእግሩ ሮጦ ነው።

ነርሷ "እስከ መጨረሻው ስታወራ ነበር፤ ለእናቷ ብዙ ነገር ነግራታለች" አለችው። ይህች ቃል እንደ እሾህ ተሰክታበት ቀረች።

በሦስተኛው ቀን ለቀስተኛ ሴቶች ሳሎኑን ሞልተውት ሳለ፣ እንሽራህ እንባዋ ደርቆ፣ ለማንም ሳይሆን ለግድግዳው ትናገር ይመስል "ዕድሜዋን ሙሉ ስታረፍድ ኖራ፣ ለሞት ብቻ ቀድማ ደረሰች" አለች። ሴቶቹ እሪ አሉ። ሙኒብ ከበሩ ወዲያ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ነበር። እጁ ኪሱ ገባ። ትንሿን ደብተር አወጣ። ጨክኖ አይደለም፣ አይፈረድበት፤ ሌላው ሰው ሲያዝን ደረቱን ይመታል፣ እሱ ይጽፋል። እየጻፈም እንባው ወረቀቱን አበላሽቶት ነበር።

ይህ እንኳ ኀዘን ነውና ይሁን ይባላል። በዓመቱ ግን፣ ሁለቱም ቀልድ አልቆባቸው ደብተር ሲያገላብጡ፣ ሙኒብ ያቺን ቃል አነበበ። ጎብሪያል ከማን እንደወጣች ሳያውቅ ጣቱ መታ። በረመዳን ወፍራሙ ተዋናይ ሆዱን ይዞ ስለ አማቱ ተናገራት፤ አገር ተገለበጠ። ባለ ታክሲው ተናገራት፣ የሠርግ አጫዋቹ ተናገራት፣ ከባጃጅ ኋላ በቀይ ቀለም ተጻፈች። እንሽራህ የሰማቻት ከቲማቲም ሻጭ አፍ ነው። አንዲት ደንበኛው ዘግይታ ስትመጣ ወረወራትና ሳቀ። እንሽራህ ደንግጣ ስታየው "ኧረ እሜቴ፣ የዘንድሮውን ተከታታይ አላዩም እንዴ?" አላት።

የመረጠችውን ቲማቲም አንድ በአንድ መለሰች። ቤት ገባችና ባሏን "ልጄን ለሳቅ ሸጥካት" አለችው። "አንተ" ያለችው ለመጨረሻ ጊዜ ያን ቀን ነው።

ከዚያ በኋላ "እርስዎ" ሆነ። "ምሳ ቀርቧል።" "ውሃ ሄዷል።" "ወንድምዎ ደውለው ነበር።" አሥራ አንድ ዓመት! እንዲያ ያለች ተጫዋች ሴት፣ እንደ መሥሪያ ቤት ማስታወቂያ ሰሌዳ ሆነች። ይቅርታ ጠየቃት፣ እግሯ ላይ ወደቀ፣ ሽማግሌ ላከ። "እኔ አልተጣላሁም፤ ብቻ ከአፌ የሚለቀም ነገር ከእንግዲህ አያገኙም" አለች። ከሁሉ የከፋው ደግሞ፣ አንድ ጊዜ ልመናው ሲበዛባት "ረባብ መልእክት አላት። የማይጻፍበት ቀን ሲመጣ እነግርዎታለሁ" ብላ ወደ ጓዳ መግባቷ ነው።

በአሥራ አንደኛው ዓመት ድምፅዋ ጎረነነ። ሌላ ባል ቢሆን በሳምንቱ ያውቅ ነበር። ሐኪሙ "ድምፅዋ ከመቼ ጀምሮ ነው የተለወጠው?" ሲለው ሙኒብ ዞሮ ሚስቱን አየ። በቀን አምስት ቃል የሚሰማ ሰው ምኑን ለይቶ ይወቀው?

ነቀርሳ ነው አለ ሐኪሙ። ማንቁርቷ ተቆርጦ መውጣት አለበት፤ የዛሬ ሦስት ሳምንት፣ ማክሰኞ።

"ከዚያ በኋላ ትናገራለች?" አለ ሙኒብ።

"ትኖራለች" አለ ሐኪሙ።

በማግስቱ ሻይ ቤቱ ውስጥ ስምንት ሰዓት ሲሆን ሙኒብ ደብተሩንና ብዕሩን ከኪሱ አውጥቶ ለሻይ ቤቱ ባለቤት ለሻዝሊ ሰጠው። "ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ትሰጠኛለህ፣ ስምንት ላይ ትቀበለኛለህ። ብለምንህም በሌላ ሰዓት እንዳትሰጠኝ።"

"ሽጉጥ አስረከብከኝ እኮ" አለ ሻዝሊና ከስኳሩ ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፈበት።

ጎብሪያል ዓይኑን አፍጥጦ ቀረ። "አንተ ሰውዬ ጤና የለህም? ሠላሳ ክፍል አለብን፣ ረመዳን ደግሞ ሁለት ወር ነው የቀረው! ፕሮዲዩሰሩ ቀንና ሌሊት ይደውላል!"

"ከስምንት በኋላ እኔ ጸሐፊ አይደለሁም።"

"ከስምንት በፊትስ ነህ ያለህ ማነው?" አለ ጎብሪያል፤ ልማዱ ነው። ከዚያ ግን የወዳጁን ፊት አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ሂድ በቃ። ሂድ ወደ ቤትህ። ስልኩን እኔ እመልሳለሁ፣ እናቱ ሞታለች እላቸዋለሁ።"

"እናቴ ከሞተች ሃያ ዓመቷ።"

"ታዲያ ውሸት አይደለማ!"

ቤት ሲገባ ሙኒብ ኪሶቹን ገልብጦ አሳያት። ስልኩንም ምግብ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። እንሽራህ ስልኩን አንስታ ሩዝ ጣሳው ውስጥ ቀበረችውና ክዳኑን ገጠመች። አራት ቀን እንዲህ ሆነ። በአምስተኛው ቀን ሸሚዙን ስታሰጣ የደረት ኪሱን ስትዳብስ አያት። በስድስተኛው ቀን፣ በረንዳው ላይ ባቄላ እየፈለፈሉ ሳለ፣ ከየት መጣ ሳይባል ያ የጎረነነ ድምፅ ተናገረ።

"ሐኪሙን አይተኸዋል? 'አይዞሽ' ሲለኝ ላቡ ጠብ ጠብ ይላል። ኋላ እኔ ነኝ ያጽናናሁት።"

"አይተኸዋል" ነው ያለችው።

"ደግሞም ሰዎች የሚሉት ልክ ነው" አለች፤ "ዕቃ ካልተሠራበት ይዝጋል። አሥራ አንድ ዓመት ድምፄን ሳልሠራበት አስቀምጬው፣ ታዲያ ባይበላሽ ነው የሚገርም።"

እና ሙኒብ ሳቀ። ሳቁ ከሆዱ ፈንቅሎ ወጣ፤ የባቄላው ሳህን ከጭኑ ወደቀ፤ እየሳቀ አለቀሰ። እንሽራህ አፏን ከፍታ አየችው። ሠላሳ አራት ዓመት በትዳር ስትኖር ይህ ሰው እንዲህ ሲስቅ አይታ አታውቅም።

"ውይ፣ አንተ! ትስቃለህ እንዴ?" አለችው። "ጥርስህ እንዲህ መበላሸቱን አላውቅም ነበር።"

ከዚያ ቀን በኋላ ሙኒብ ስምንት ሰዓት ሲሆን እንደ ተማሪ ልጅ እየሮጠ ነው ቤቱ የሚገባው። እሷም አሥራ አንድ ዓመት የቋጠረችውን ፈታችው። ከላይ ያለችው ጎረቤት በአምስተኛው ሠርጓ ላይ ምን እንደሆነች፣ የእሱ ወንድም በስልክ እንዴት እንደሚያዛጋ፣ የሕንፃው ዘበኛ የሞተች አክስቱን አለች እያለ እንዴት አራት ዓመት ጡረታዋን እንደበላ። ድምፅዋ እየከሰለ፣ በየመሀሉ ውሃ እየተጎነጨች፣ እየተናደደች፣ እየሳቀች። ሙኒብ እጆቹን ከጭኑ ሥር አድርጎ ይቀመጥባቸው ነበር። አንዳንዱ ቀልድ ወርቅ ነው፣ ለአንድ ሙሉ ክፍል የሚበቃ፤ እሱ ግን አሳለፈው፣ በአየር ላይ ቀረ። በሕይወቱ እንዲህ ያለ ደስታ አያውቅም። ቀኑን ይቆጥራል፤ አሥር ቀረ፣ ስድስት ቀረ። ስለ መልእክቱ ግን ትንፍሽ አላለም፤ እሷ እስክትጀምር ይጠብቃል።

እሑድ ቀን፣ ማክሰኞ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ሙሉኪያ የሚባለውን የቅጠል ወጥ ሠራች። ሙሉኪያ ቅጠሉ እንደሆነ ማንም ይቀቅለዋል፤ ሙያው ያለው የተጠበሰው ነጭ ሽንኩርት ድስቱ ውስጥ ሲጨመር ባለሙያዋ "ኸህ!" ብላ ትንፋሿን ስትስብ ነው። ያቺ ድንጋጤ ከሌለች አይጣፍጥም፤ ከእናት የተወረሰ ነው፣ ለምን ተብሎ አይጠየቅም። እንሽራህ መጥበሻውን ገለበጠችና "ኸህ!" አለች፤ ጉሮሮዋን አመማትና በእጇ ያዘችው።

"የመጨረሻዬ ናት" አለች። እሳቱን ቀነሰችና መጥታ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች፤ መካከላቸው ያለችው የወጥ ቤቷ ጠረጴዛ ነች። "የረባብ አባት።"

እንዲህ ብላ ከጠራችው አሥራ አንድ ዓመት አልፏል። እጁን ከጭኑ ሥር አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ተደገፈ።

"የአንተን ዕቃ ይዤብህ ኖሬአለሁ" አለች። "ጨክኜ አይደለም። በረመዳን በዚያ ወፍራም ሰውዬ አፍ እንዳልሰማው ብዬ ፈርቼ ነው። አሁን ድምፄ ሳይወሰድ ልስጥህ። በራሷ አባባል ነው የምነግርህ፣ እሷ እንዳለችው። ዝም ብለህ ስማኝ።"

"እሰማሻለሁ።"

ዓይኗን ጨፈነች። አፍንጫዋን በጣቷ ነካ አደረገች። ከዚያ ረባብ ተናገረች። ወላሂ ረባብ ነች! ያ በአፍንጫ የሚወጣ፣ የሚጣደፍ፣ ጉንፋን የያዘው የመሰለ ድምፅ፣ ከጎረነነው የእናቷ ጉሮሮ ውስጥ እንደ ትናንቱ ሆኖ ወጣ። ወጥ ቤቷ ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷን የያዘች ልጅ ገብታ ቁጭ አለች።

"'እማ፣ አባዬ ሲመጣ እንዳትቆጪው። ለዚህም ካረፈደ፣ ቢያንስ በማን እንደወጣሁ ሐኪሞቹ ያውቃሉ።'"

እንሽራህ የሚቀጥለውን ለማለት ትንፋሽ ሳበች።

ኳ፣ ኳ።

ክፉ ልማድ ያሰርቃል ከማዕድ ይላሉ። ሙኒብ ድምፁን የሰማው እንደ ሌላ ሰው ነው፣ ከሌላ ክፍል እንደመጣ። ማን መታ ብሎ ቁልቁል ሲያይ የገዛ ሁለት ጣቶቹ ናቸው፤ ጠረጴዛው ላይ።

እንሽራህ ዓይኗን ገልጣ ጣቶቹን አየች። የልጅቷ ድምፅ ከፊቷ ላይ ሲጠፋ፣ ሲሄድ ታየ።

"ገባ?" አለች፣ በራሷ በጎረነነው ድምፅ።

"እንሽራህ፣ በአላህ ይዤሻለሁ! ልማድ ነው፣ እጄ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም። ይኸው ደብተር የለኝ፣ ብዕር የለኝ፣ ምንም አልጻፍኩም! ቀጥይ፣ እባክሽ ቀጥይ። ከዚያስ ምን አለች?"

ተነሳች። ሙሉኪያውን ጨለፈች፣ ዳቦውን አቀረበች፣ ማንኪያውን አስተካክላ አኖረች።

"ምሳ ቀርቧል" አለች። "ይብሉ።"

ሰኞ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ሻይ ቤት ሄደ፤ የሚሄድበት ስላጣ ነው። ሻዝሊ ደብተሩን ሲዘረጋለት አልተቀበለውም። ለጎብሪያል የሆነውን ሁሉ ነገረው። ጎብሪያልም ሰምቶ ሲያበቃ ሁለት ጣቶቹን መዳፉ ውስጥ አጥፎ ጨብጦ ተቀመጠ።

"እኔም እመታው ነበር" አለ በመጨረሻ። "ይቅር ይበለን፣ እኔም እመታው ነበር።"

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም፤ የጣት ወለምታማ ጭራሽ። ሰኞን ለመናት፣ ማክሰኞ ሆስፒታል ድረስ ለመናት። አልጋዋን እየገፉ ሲወስዷት በኮሪደሩ አብሯት እየሄደ "ቀሪውን ብቻ፣ አንዲት ቃል፣ በጆሮዬ" አላት። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ጎንበስ ብሎ ጆሮውን አፏ ላይ አደረገ።

"መነጽሬን ይያዙልኝ" አለች። ከዚህ በኋላ እንሽራህ በአፏ የተናገረችው ቃል የለም።

ዳነች፤ ሐኪሙ ቃሉን ጠበቀ። አንገቷ ላይ ባለች ትንሽ ቀዳዳ ትተነፍሳለች፤ በነጭ ሻሽ ትሸፍናታለች። ሙኒብ ደብተሩን ከሻዝሊ ተቀብሎ ከብዕሩ ጋር ሰጣት። የተጻፈበትን ገጽ ሁሉ ቀዶ ጥሎ፣ ባዶውን ብቻ። እሷም ጻፈችበት። "ጨው።" "ነርሷ በአራት ትመጣለች።" "መስኮቱ ይዘጋ።" ሙኒብ ስትተኛ እየተነሳ ደብተሩን ያገላብጣል፤ ከጨውና ከመስኮት መሀል አንዲት መስመር ተደብቃ እንደሆነ ብሎ። ሠላሳ ዓመት የሰው ቃል ሲለቅም የኖረ ሰው፣ አንድ ቃል ፍለጋ የጨው ዝርዝር ያነባል።

ረመዳን መጥቶ ሄደ። ተከታታዩን ጎብሪያል ብቻውን ጨረሰው፤ ሰው አልሳቀም አሉ። ከዒድ በኋላ አንድ ጠዋት እንሽራህ ሙሉኪያ ልትሠራ ተነሳች። ሙኒብ ጠረጴዛው ጋ ተቀምጦ ነበር። ነጭ ሽንኩርቱ ተጠበሰ፣ ድስቱ ላይ ገለበጠችው፣ እንደ ልማዷ አፏን ከፈተች። ምንም የለም። ነጩ ሻሽ ብቻ አንገቷ ላይ እርግብ ብሎ ተነሳ። መጥበሻውን እንደያዘች ቆመች።

ሙኒብ አልቻለም። ደብተሩን ከፍቶ ፊቷ አደረገላትና ብዕሩን እጇ ላይ አኖረ።

"እንሽራህ፣ የኔ እመቤት፣ ለማንም አይደለም። ከእንግዲህ አንድ መስመር አልጽፍም፣ ሻይ ቤቱንም ትቻለሁ። አንብቤ እውጠዋለሁ፣ ወረቀቱን እበላዋለሁ። ልጄ ምን አለችኝ? ጻፊልኝ።"

እንሽራህ ተቀመጠች። ልትጨክንበት አልነበረም፤ ከፊቷ ያስታውቃል። ብዕሩን አስጠጋችና "እማ" ብላ ጻፈች። አየችው። ከንፈሯን አንቀሳቀሰች፣ አፍንጫዋን በጣቷ ነካ አደረገች፣ ጠበቀች። የሚመጣ ድምፅ አልነበረም። ሰረዘችው። እንባዋ እየወረደ ከሥሩ ጻፈች፣ ደብተሩንም ወደ እሱ አዞረችው።

"በእሷ ድምፅ ነበር። ሲጻፍ እሷ አይደለችም።"

ሙኒብ አነበበው። እጆቹን ከጠረጴዛው ላይ አንስቶ ጭኑ ላይ አደረገ። እንሽራህ እንባዋን በሻሿ ጫፍ ጠረገችና ደብተሩን መልሳ ወስዳ አንዲት መስመር ጨመረች።

"ሎሚ አልቋል።"

ሰዓቱ አራት ሊሆን ጥቂት ቀርቶት ነበር። ሙኒብ ጫማውን አድርጎ ሎሚ ሊገዛ ወጣ።